አስተናጋጅ ያየውን እንዲናገር፦ በምግብ ቤት አጠራጣሪ ነገርን የማስተዋልና የማሳወቅ አሠራር

ምግብ ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያየው አስተናጋጁ ነው። ባለቤቱ ቢሮ ነው። የካሸሯ ዓይን ገንዘቡ ላይ ነው። ጥበቃው ፊቱን ወደ መንገድ አዙሯል። አስተናጋጅ ግን በአንድ ሺፍት አንዱ ጠረጴዛ ጋ አምስት ስድስት ጊዜ ይመላለሳል። ማን ከማን ጋር እንደመጣ ያያል። ማን ምግቡን ሳይነካ እንደተወ ያያል። የትኛዋ ልጅ ዓይኗ ቀልቶ ከመጸዳጃ ቤት እንደወጣች ያያል። ከባዱ ነገር ያየውን እንዲናገር ማድረግ ነው።

ዝምታውን ከራሴ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ማስተናገድ በጀመርኩ ሰሞን አንድ እንግዳ «በስልክ ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ብሩ የለም። 1,840 ብር ከደሞዜ ተቆረጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሰውዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ጀርባዋን የሰጠችውን ሴት ቦርሳ በእግሩ ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሲስብ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ብናገር «አንተ የት ነበርክ?» የምባል መሰለኝ። ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ፓስፖርቷ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ለጉዞ አራት ቀን ቀርቷት ነበር። ስታለቅስ ውሃ ያቀረብኩላት እኔ ነኝ።

ዛሬ ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን አሳየዋለሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ፍርሃቱን አንሱ

ይህ ለባለቤቶችና ለማናጀሮች ነው። የቀረውን ሁሉ ብታሟሉ ይህን ካላደረጋችሁ አይሠራም።

ሠራተኛችሁን «አይተህ ለምን ዝም አልክ?» ብላችሁ ብትጠይቁት የሚመልሰው «ከእኔ ላይ እንዳይቆረጥ» ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞዝን እንደፈለጉ መቁረጥ አይፈቅድም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር መቁረጥ ክልክል ነው። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ብዙ ቤት ግን ደሞዝ የሚቆረጠው በካሸሯ ደብተር ጥግ በተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው።

ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቡና በግልጽ ንገሩት፦ «ያየኸውን ወዲያው ከነገርከኝ ጉዳቱ የቤቱ ነው። ካንተ አንድ ብር አይቆረጥም። ተሳስተህ ቢሆንም ማንም አይስቅብህም።» ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። አንድ ጊዜ ካፈረሳችሁት የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም።

ደረጃ 2፦ ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ማየት

«ያ ሰውዬ ደስ አላለኝም» የሚል ወሬ ለማንም አይጠቅምም። መልሳችሁ «ምን ሲያደርግ አየኸው?» በሉ።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ማኪያቶ ይዞ ተቀምጧል።» ይህ ምንም አይደለም፤ ግማሹ የአዲስ አበባ ካፌ እንዲህ ነው የሚውለው። «ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረ። ሦስቱንም ጊዜ ቦርሳ ወንበር ላይ ከሰቀለ ሰው ጀርባ ተቀመጠ።» ይህ ግን መነገር ያለበት ነገር ነው።

እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ አለ። የሰውየውን ቋንቋ፣ ልብሱን፣ ሃይማኖቱን፣ የመጣበትን አካባቢ ከወሬው ላይ አውጡት። ከዚያ የቀረ ነገር አለ? ከሌለ የሚነገር ነገር የለም፤ እንግዳውን በክብር አስተናግዱት። በዚህ ነገር ላይ ጥብቅ ነኝ። ሰው በንግግር ዘዬው ምክንያት ብቻ ፖሊስ ሲጠራበት እንደማየት የሚያሳፍር ነገር የለም። የእውነተኛውን ሌባ ሥራ የሚያቀልለትም ይኸው ነው። ሁሉም ሰው «አጠራጣሪው» ላይ ሲያፈጥ እሱ በደንብ ለብሶ፣ በፈገግታ ይገባል።

ሎተሪ አዟሪውም፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠው ልጅም እንደዚያው። አብዛኛው እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነው። ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ስልክ ላይ ጋዜጣ ወይም የሎተሪ ትኬት ዘርግቶ ከላይ ጫን የሚል እጅ ካያችሁ ግን ያ ድርጊት ነው።

ደረጃ 3፦ ምን ምን እንደሚታይ ማወቅ

ከክፍያው እንጀምር፤ በየቀኑ የሚያጋጥመው እሱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ፣ የባንኮቹም መተግበሪያ ከተስፋፋ በኋላ፣ ኪሱ ውስጥ ብር የሚይዝ እንግዳ እየቀነሰ ነው። ማታለሉም ወደ ስልክ ዞሯል። አንዱ የቆየ ስክሪንሾት ላይ ቀንና ቁጥር ቀይሮ ያሳያል። ሌላው ለካሸሯ ስልክ «ገንዘብ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ይልካል። የቴሌብር እውነተኛ መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ላኪው በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ተራ የስልክ ቁጥር ከሆነ ወዲያው ጠርጥሩ። ሦስተኛው ደግሞ «ተሳስቼ በትርፍ ልኬያለሁ፤ ቀሪውን በካሽ ስጡኝ» ይላል። ይሄኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው በሚበዛበት የምሳ ሰዓት፣ ወይም ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው።

ሕጉ አንድ ነው፦ የእንግዳው ስልክ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የቤቱ ሂሳብ ነው። ካሸሯ የቤቱን ሂሳብ ከፍታ ገንዘቡ መግባቱን ሳታይ ማንም አይሸኝም። አነጋገሩ ግን ይለስልስ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ እውነተኛ ክፍያም ይዘገያል። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኛ ጋ ገና አልደረሰም፤ እስኪደርስ ቡና ላምጣልዎት?» በሉ። የከፈለ ሰው ቡናውን ይጠጣል። ያልከፈለው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

ብር በእጅ ሲሰጣችሁ በተለይ 200ውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ብርሃን ላይ ይዛችሁ የውሃ ምልክቱንና ክሩን እዩ። ሐሰተኛ ከመሰላችሁ ለሌላ እንግዳ መልስ አድርጋችሁ አትስጡ። ያ ራሱ ወንጀል ነው።

ስርቆቱን በከፊል ከላይ አንስቼዋለሁ። ሁለት ሆነው መጥተው አንዱ አስተናጋጇን በጥያቄ ይይዛል፤ ሌላው ይነሳል። «ዕቃ ወደቀብዎት» ብሎ ሰው ጎንበስ የሚያስደርግም አለ። ጃኬት ወንበር ላይ የሰቀለ ወይም ስልኩን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የተወ እንግዳ ስታዩ ገና ትእዛዝ ስትቀበሉ «ዕቃዎትን ወደ ውስጥ ያድርጉት» በሉት። ይቺ ቃል ብቻዋን ብዙ ነገር ታድናለች።

ጥያቄ የሚያበዛ ሰውም አለ። «ብሩን ማን ነው ባንክ የሚወስደው?» «ጥበቃው ስንት ሰዓት ይቀየራል?» «የጓሮው በር ይከፈታል?» ምግብ የሚበላ ሰው ይህን አይጠይቅም። የጓሮ በር፣ ካሜራና የካሸር መስኮት ፎቶ የሚያነሳም እንደዚሁ። መልሱ «እኔ አላውቅም፤ ማናጀሩን ልጥራልዎት?» ነው። ከዚያ በእርግጥ ጥሩት።

ያለ ባለቤት የቀረ ቦርሳ ወይም ካርቶን ስታገኙ ብዙውን ጊዜ የረሳው ሰው አለ። አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ «ይህ የማነው?» በሉ። ባለቤት ካልተገኘ አትንኩት፤ አትክፈቱት፤ ወደ መጋዘን አትውሰዱት። በዙሪያው የተቀመጡትን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ አስወጡ። ራቅ ካላችሁ በኋላ ደውሉ። ባይሆንስ ብላችሁ አትፈሩ፤ ዳቦ የያዘ ዘንቢል ሆኖ ቢገኝ ማንም አልተጎዳም።

ሰዎቹን ማየት

ንብረት ይተካል። ከዚህ በታች ያለው ግን አይተካም፤ እባካችሁ በትዕግሥት አንብቡት።

በፈረንጆቹ 2021 ጃንዋሪ 1፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ኦርላንዶ ከተማ፣ አንድ ቤተሰብ ምግብ ቤት ገባ። አስተናጋጇ ለሁሉም ምግብ ስታቀርብ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ብቻ ምንም አልታዘዘለትም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቅ ቤት ሲሄድ ይበላል ተባለች። ልጁ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሷል፤ ጭንብልም አድርጓል። ቅንድቦቹ መካከል ጭረት፣ ክንዱ ላይ የበለዘ ነገር አየች። በወረቀት ላይ ጽፋ ከወላጆቹ ጀርባ ቆመች፤ ለልጁ ብቻ እንዲታይ አድርጋ ያዘችው። «እርዳታ ትፈልጋለህ?» የሚል ነበር። ልጁ «አዎ» ለማለት ራሱን ነቀነቀ። አለቃዋን አማከረች፤ ከዚያ ፖሊስ ጠራች። ልጁ በቤቱ ከባድ ሥቃይ ይደርስበት እንደነበር ታወቀ። የእንጀራ አባቱ በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ምን እንዳደረገች ልብ በሉ። መጀመሪያ ያየችው ባዶ ሳህን ነው፤ ያ የእኛ የዕለት ሥራ ነው። ወላጆቹን አልተናገረቻቸውም። ልጁን ብቻውን ጠየቀችው። አለቃዋን አማክራ የሚመለከተውን ጠራች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው ሌላ መልክ አለው። ደላላ ነው። ገና ልጅ የሆነች፣ ከገጠር የመጣች፣ ጫማዋ አዲስ የሆነ ልጅ ከሁለት የማይመስሏት ሰዎች ጋር ትቀመጣለች። ምን ትበያለሽ ስትሏት እሷ ሳትመልስ እነሱ ያዝዙላታል። ፓስፖርቷን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያስገባዋል። «ዕድሜሽን ሲጠይቁሽ እንዲህ በይ» እየተባለች ስትለማመድ ትሰማላችሁ። ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሁሉ የተታለለ አይደለም። ስንት እህቶቻችን በሕጋዊ መንገድ ሄደው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። የሚታየው ምልክት ልጅቷ በራሷ አፍ መናገር አለመቻሏ ነው።

ማታ ማታ ደግሞ ባርማኑ ያስተውል። አንዲት ሴት መጸዳጃ ቤት ስትሄድ መጠጧ ላይ እጁን የሚያንዣብብ ሰው፣ በሁለት ብርጭቆ ድንገት መቆም ያቃታት ሴት፣ «ሚስቴ ናት» እያለ ስሟን ሲጠየቅ ግን የሚንተባተብ ወንድ። መጠጡን አንስታችሁ ሳትደፉ ከባሩ ጀርባ አስቀምጡት። ታክሲ ውስጥ እንድትገባ ከማገዝ በፊት ከጓደኞቿ ጋር ወይም ከቤተሰቧ ጋር በስልክ አገናኙዋት።

ደረጃ 4፦ በአገልግሎት ሰበብ መቅረብ

አስተናጋጅ ማንም የሌለው መብት አለው። የትኛውም ጠረጴዛ ጋ ሄዶ «ምን ልታዘዝ?» ማለት ይችላል። ይህን ተጠቀሙበት። ውሃ አምጡ። ጠረጴዛውን ጥረጉ። ሹካ ቀይሩ። ክፉ ያሰበ ሰው እንደታየ ሲያውቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል።

ልጅቷን ለብቻዋ ማግኘት ከፈለጋችሁ ሴት አስተናጋጅ ወደ እጅ መታጠቢያው ትከተላት። «እህቴ፣ ደህና ነሽ? ሰው ልጥራልሽ?» ይበቃል። አይሆንም ካለች አታስገድዷት፤ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ስጧት።

እንግሊዝ አገር በ2016 ሊንከንሻየር በሚባል አካባቢ የተጀመረ ጥሩ ዘዴ አለ። አስጊ ሰው አጠገቧ ያለባት ሴት ባሩ ጋ ሄዳ «አንጄላ አለች?» ብላ ትጠይቃለች። ሠራተኛው ይገባዋል። ለብቻ ወስዶ ታክሲ ወይም ፖሊስ ይጠራላታል። በየቤታችን በአማርኛ የራሳችንን ቃል መርጠን የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ ከውስጥ በኩል ብንለጥፍ የሚያስወጣን አንድ ወረቀት ነው።

ለሠራተኞችም የራሳችሁ ምልክት ይኑራችሁ። እኛ ቤት «ሼፍ ሰባት ቁጥርን ይፈልጋል» ሲባል፣ ሰባተኛው ጠረጴዛ ጋ ችግር አለና ሱፐርቫይዘሩ ይምጣ ማለት ነው። እንግዳው ምንም አይጠረጥርም።

ሁለት ነገር በፍጹም አታድርጉ። በር አትዝጉ፤ አሳዳችሁም አትሩጡ። ስለት ሊኖረው ይችላል፤ ስልክ የሰው ሕይወት አያክልም። ሁለተኛው ደግሞ «ሌባ! ሌባ!» ብላችሁ አትጩኹ። መንገድ ላይ ይህ ጩኸት ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም አይተናል። ሰው በድንጋይና በርግጫ ሲደበደብ የደረሰ ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ሰው ነው። የተሳሳታችሁ ቢሆንስ?

ደረጃ 5፦ ወዲያው መጻፍ

ካሸር ጋ አንድ ደብተር አስቀምጡ። ትዝታ ቶሎ ይደበዝዛል። ሁለት አስተናጋጆች ያዩትን ከመነጋገራቸው በፊት ለየብቻ ይጻፉ። ከተነጋገሩ በኋላ የአንዱ ወሬ የሌላው ይሆናል።

ስለ ሰውየው ስትጽፉ ከጫማው ጀምሩ። ጃኬት ይወልቃል፤ ኮፍያ ይጣላል፤ ጫማ ግን ብዙ ጊዜ አይቀየርም። ቁመቱን ከበሩ ጋር አወዳድሩ። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ አካሄድ ጻፉ። መኪና ከያዘ ኮዱን፣ የሰሌዳውን ፊደልና ቁጥር፣ የመኪናውን ቀለም። ወደ የት አቅጣጫ እንደሄደም።

ሰዓቱ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። እኛ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ» እንላለን። ካሜራው ላይ 20:15 ይላል። ቀኑም በፈረንጅ ነው። አንድ ጊዜ መርማሪ መጥቶ 2:15ን ሲፈልግ፣ ካሜራው የሌሊቱን ባዶ ቤት እያሳየው ግማሽ ሰዓት ጠፋ። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ፦ «ማታ 2:15፣ በካሜራው 20:15»። ብዙ ካሜራ ከተወሰነ ቀን በኋላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀርጻል። የሚፈለገውን ክፍል በዚያው ቀን በፍላሽ አውጡት። ቲክቶክ ላይ ግን አትልቀቁት። ያልተፈረደበት ሰው ፊት ነው፤ መርማሪውንም ያደናቅፋል።

ደረጃ 6፦ መደወል

አደጋው አሁን እየሆነ ከሆነ የአለቃ ፈቃድ አትጠብቁ፤ ያየ ሰው ራሱ ይደውል። ፖሊስ 991፣ እሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ያለቀ ነገር ከሆነ በአቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ በአካል ሄዳችሁ አመልክቱ።

ሰው ሲደነግጥ የቤቱን አድራሻ እንኳ ይረሳል። ከተማችን ደግሞ በመንገድ ቁጥር አይገኝም። ስለዚህ ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጥፉ፤ ደዋዩ ያንብበው፦ «የምደውለው ከ(የቤቱ ስም) ነው። (ክፍለ ከተማ)፣ ወረዳ (ቁጥር)። ከ(ሁሉም የሚያውቀው ሕንፃ ወይም ቤተ ክርስቲያን) ወደ (አቅጣጫ) ሲሄዱ በስተግራ። አሁን (ምን እየሆነ እንዳለ)። ሰውየው (አለ ወይስ ሄዷል)። የተጎዳ ሰው (አለ ወይስ የለም)።» ስልኩን እነሱ እስኪዘጉት አትዝጉ። አንድ ሰው ደጅ ወጥቶ ፖሊሶቹን ይቀበል።

ስማችሁ እንዳይታወቅ ከፈራችሁ ይህን ስትደውሉ ተናገሩ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀል ለሚጠቁም ሰው ጥበቃ የሚደረግበትን መንገድ ደንግጓል። በቤቱ ውስጥም ማን እንደጠቆመ ከሱፐርቫይዘሩ ሌላ ማወቅ ያለበት ሰው የለም።

ደረጃ 7፦ አሥር ደቂቃ ልምምድ

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ብትለጥፉት ማንም አያነበውም። እኛ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት አሥር ደቂቃ እንለማመዳለን። አንዱ ሠራተኛ እንግዳ ይሆናል፤ የሐሰት መልእክት ያሳያል። ሌላዋ ቦርሳ ጥላ ትወጣለች። እቃ አጣቢዋና የፓርኪንግ ልጆቹም ይገባሉ፤ መኪናውን የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ከልምምዱ በኋላ ባለፈው ሳምንት ደብተሩ ላይ የተጻፈው ይነበባል። ለጻፈው ሰው ነገሩ የት እንደደረሰ ይነገረዋል። ምንም ያልነበረ ከሆነም «አጣርተናል፤ ልጁ የተቀመጠው ከአጎቱ ጋር ነበር፤ ደግ አደረግሽ» ይባላል። ባለፈው ወር ገና ሁለት ሳምንቷ የሆነ አስተናጋጅ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች። ጓሮ ያለው የጋዝ ሲሊንደር መቆለፊያ ከቦታው ተነቅሎ መሬት ላይ እንዳየችው ነበር። ቁልፉን በዚያው ቀን ቀየርነው።